ክቡር ራጉኤል ዘባርንዴል

ሐበሻ በሰው አገር ሦስት ሆኖ ከተቀመጠ፣ ከሦስቱ አንዱ ያልረገጠውን አገር ያስተዳድራል። አንዱ ከጆሃንስበርግ ሳይወጣ የጀርመን ባቡር ምን ያህል እንደሚያረፍድ ይነግራችኋል። ሌላው የአውስትራሊያ ሚኒስትሮች ተጣሉ ብሎ እህል አይቀምስም፤ የራሱ ቤት ቧንቧ ግን ሲያንጠባጥብ ከርሟል። እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ የሐበሻ ገበያ በሆነችው ጀፕ ላይ ይሄን ሥልጣን የያዙት ክቡር ራጉኤል ናቸው። በሥራ ብርድ ልብስ ነጋዴ፣ በገዛ ፈቃዳቸው የካናዳ ምርጫ ተንታኝ።

ካናዳ ሲባል ደግሞ ካናዳ በሙሉ እንዳይመስላችሁ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማነው ብትሏቸው በእጃቸው ያባርሯችኋል፤ እሱ የተራ ሰው ጥያቄ ነው። የእሳቸው ግዛት አንዲት የምርጫ ወረዳ ናት፤ ለፓርላማ አንድ ሰው ብቻ የምትልክ፣ ስሟም እንደኛ ሰው ከነአባቷ የሚጠራ፦ ባርንዴል ኦስዊን። ባርንዴል ስንዴ የሚዘራበት ሜዳ ነው፤ ኦስዊን ደግሞ የእንጨት ፋብሪካ ያለባት ከተማ። ስንዴው ሰማያዊዎቹን ይመርጣል፤ ከተማው አንዴ ቀዮቹን፣ አንዴ ብርቱካናማዎቹን። ፓርቲዎቹን በስም አይጠሩም። በማሊያ ነው፣ እንደ ኳስ ቡድን።

መጀመሪያ «እህህም» ይላሉ። ከዚያ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ ድምፃቸውን ከሆዳቸው አውጥተው፣ ልክ እንደ ድሮ ሬዲዮ፦ «መጀመሪያ ታሪካዊ ዳራውን እንይ።» ይሄን ከሰማችሁ በቃ፣ ቀጠሮ ካላችሁ ሰርዙ።

ዳራውን ከማንም በላይ የሰማችው ኤርጎጌ ናት፣ ያውም ሳትጠይቅ። ኤርጎጌ የሆሳዕና ልጅ ናት፤ ሐበሻ በየፎቁ በሚነግድበት አንድ ሕንፃ ውስጥ ከደረጃው ሥር ባለችው ጎድጓዳ ቦታ ካልሲና የራስ ሻሽ ትሸጣለች። የክቡርነታቸው ሱቅ ፊት ለፊቷ ነው። ብርድ ልብሱ ግን እስከ ጣሪያ ተከምሮ ለባለቤቱ መቆሚያ አልተረፈም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚቆሙት እሷ ደረጃ ላይ ነው፤ በአንድ እጃቸው የደረጃውን ብረት ይይዛሉ፣ በሌላው ባርንዴልን ያከፋፍላሉ። ደንበኛ «ሳውቦና ማማ» ብላ ካልሲ ስታገላብጥ፣ ክቡርነታቸው ከላይ ሆነው ስለ አንድ የከብት ሐኪም ያወራሉ። ኤርጎጌ በአንድ ጆሮዋ ዙሉ፣ በሌላው ካናዳ እየሰማች፣ በሀዲይኛ ታስባለች።

የከብት ሐኪሙን ነገር ሕንፃው ሙሉ በቃሉ ያውቀዋል። ሰማያዊዎቹ ባርንዴልን ከአባት ለልጅ ሲወራረሷት ኖረው፣ አንድ ጊዜ ቀዮቹ የከብት ሐኪም አቆሙ። ሰውዬው ንግግር የሚባል አይችልም። ግን በዚያ ሜዳ ላይ እጁ ያላዋለደው ላም አልነበረም። በበረዶ መጥቶ ጥጃ ያወጣላችሁን ሰው ዓይኑን እያያችሁ አልመርጥህም ትሉታላችሁ? አሸነፈ። ፓርላማ ገብቶ አንድም ቀን ሳይናገር ጊዜው አለቀና ወደ ላሞቹ ተመለሰ። ክቡርነታቸው እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ እሳቸውን ያዋለዳቸው ይመስል።

ከከተማው ዳር ካለችው ቴምቢሳ የመጣው ሀቢሶ ይሄን ሳያውቅ ነው የገባው። ለስፓዛው፣ ለሰፈር ሱቁ፣ ብርድ ልብስ ሊወስድ ታክሲ ውጭ አቁሞ፣ ሞተር ሳያስጠፋ፣ ባለ ሁለት ፊቱ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። ክቡርነታቸውም ዘንድሮ ብርድ ልብስ ለምን እንደተወደደ ሲያስረዱ ከመርከቡ ተነሡ፤ ከመርከቡ ወደ ካናዳ ስንዴ፣ ከስንዴው ወደ ባርንዴል። ታክሲው ጥሩምባ ነፋ። ሀቢሶ አንድ እግሩን ወደ በሩ አዞረ። ክቡርነታቸው ክንዱን ያዙና «ቆይ፣ ብርቱካናማዎቹ እንዴት እንደገቡ ሳትሰማ?» አሉት። ታክሲው ሄደ። ሀቢሶ ያን ቀን ቴምቢሳ የገባው ያለ ብርድ ልብስ ነው፤ የኦስዊን እንጨት ፋብሪካ ሲዘጋ ሠራተኛው ለምን ወደ ብርቱካናማ እንደዞረ ግን እስከ ዛሬ ለደንበኛ ያስረዳል ይባላል።

ሌላ ቀን ደግሞ ሱቃቸው ጠዋት ሳይከፈት ቀረ። የካናዳ ማታ የኛ ጠዋት ነውና እሳቸው አንድ ዜና ሲከታተሉ አድረው፣ ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ዓይናቸው ቀልቶ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ምድር ቤት ምግብ ቤት ያላት ስንዱ ይሄን አይታ ሰው ሞቶባቸዋል ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ማን ነው ጋሼ፣ ብላ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«ኦስዊንን ቆርጠው ወሰዱብን» አሉ።

ስንዱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የት ጋ ነው የቆረጡት፣ እግሩን ነው ወይ፣ ሐኪም ምን አለ፣ ሁሉንም ጠየቀች። ኤርጎጌ ካልሲ እያጠፈች ነገሩን ማስረዳት የነበረባት እሷ ሆነች፦ ኦስዊን ሰው አይደለም፣ ከተማ ነው፤ የምርጫ ወረዳዎቹን ድንበር እንደገና ሲያሰምሩ ወደ ጎረቤት ወረዳ አዙረውታል። ስንዱ ነጠላዋን መልሳ አስተካከለች። እንዲህ ነው እንዴ፣ ብላ ወደ ወጧ ተመለሰች። ቢሆንም ምሳ ሰዓት ላይ ለክቡርነታቸው ሽሮ በነፃ ላከች፤ ለቅሶ ለቅሶ ነው ብላ።

ታዲያ ይሄን ሁሉ የሚያውቁ ሰው፣ እዚህ ጀፕ ቆሻሻው ሳይነሳ ሲከርም፣ የሰፈራችን የምክር ቤት ተወካይ ማነው ተብለው ተጠየቁ። መነጽራቸውን አወረዱ። አሰቡ። «እሱን ገና አላየሁትም» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ኤርጎጌም ሳቀች።

የማታስቃት አንዲት ከሰዓት ግን ነበረች። ዝናብ ነው፣ ሰው የለም። ኤርጎጌ ከመሰልቸት የተነሣ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ጠየቀቻቸው፦ ካናዳ ስንት ወረዳ እያለ ለምን ይቺን? ክቡርነታቸው «እህህም» አላሉም። ባርንዴል ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ከብዙ ዓመት በፊት እሳቸውን ወደዚያ ለመውሰድ ማመልከቻ ጀምራላቸው ነበር። የወረዳው የፓርላማ አባል ቢሮ ጉዳይዎን እየተከታተልን ነው ይላቸዋል። እሱ ተሸነፈ፤ አዲሱም እየተከታተልን ነው አለ። አዲሱም ተሸነፈ። የሚቀጥለው ማን ይሆን እያሉ ምርጫውን ማየት የጀመሩት ያኔ ነው። በመሐል የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች አረጁ፣ አንዳንዱም ሞተ፣ ፋይሉም ተዘጋ።

«ከተዘጋ ታዲያ ለምን ያያሉ?» አለች።

«እንጃ ኤርጎጌ። ስምሽ አንዴ የተጻፈበት አገር ዝናብ ሲዘንብበት እንኳ ይሰማሻል።»

ቀጥለው ሌላ ነገር ነገሯት፤ እሳቸው በሕይወታቸው መርጠው አያውቁም። አገር ቤት ካርድ አውጥተው ምርጫው ሳይደርስ ተነሡ። እዚህ የያዙት ፔፐር፣ የመኖሪያ ወረቀቱ፣ ኑር ይላል እንጂ ምረጥ አይልም። እዛ ደግሞ አልደረሱም። ይሄን ብለው ጃንጥላ ሊሸጡ ለሚሮጡ ልጆች መንገድ ለቀቁ። ኤርጎጌ ከዚያ በኋላ ዳራው ሲጀመር ፊቷን አታዞርም፤ ካልሲዋን ቀስ ብላ ታጥፋለች እንጂ።

እንግዲህ የሕንፃው ምርጫ የመጣው እንዲህ ባለንበት ነው።

የሕንፃው አስተዳደር ከዛሬ ወዲያ የማነጋግረው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ሊቀመንበር ምረጡ አለ። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ እንዲፈርም የሚጠየቀው ደግሞ የታወቀ ነበር፦ ከደረጃ ሥር ያሉ ቦታዎች ተዘግተው የጅምላ ነጋዴዎች ጭነት ማስቀመጫ ይሆናሉ፤ ደረጃ ሥር የሚሸጡ ወደ አምስተኛ ፎቅ ይወጣሉ። አምስተኛ ፎቅ ማለት ሊፍቱ የማይደርስበት፣ ካልሲ ፈልጎ ማንም የማይወጣበት ነው። ለኤርጎጌ ይሄ መዛወር አይደለም። መዘጋት ነው።

ሊቀመንበር የሚሆነውም የታወቀ ነበር፤ ዱካሞ። ዱካሞ የኤርጎጌ የአገር ልጅ ነው፣ ትልቅ የጅምላ ነጋዴ። ከሶዌቶ እስከ ቴምቢሳ ስፓዛ የከፈተ ሁሉ የመጀመሪያ ዕቃውን ያነሣው ከእሱ ነው። ሰው ሲሞት አስከሬን አገር የሚያስገባ እሱ፤ የተጣላ የሚያስታርቅ እሱ። ክቡር ራጉኤል ታመው የተኙ ጊዜ ሱቃቸውን እየከፈተ ብርድ ልብሳቸውን የሸጠላቸው እሱ ነው፤ አሁንም ምሳ የሚበሉት አብረው፣ ዕቃቸው የሚመጣው በእሱ መኪና ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ክፉ አይደለም። ጭነቱ ነው ኮሪደሩን የሞላው። አምስተኛ ፎቅ አየር አለ እኮ፣ ይላል ከልቡ።

እኛ ስብሰባ ላይ እንዴት እንደምንመርጥ ታውቃላችሁ። አንዱ ይጠቆማል። የተጠቆመው እኔ አልችልም፣ ሌላ ይሁን ይላል። እንደገና ይለመናል፣ እንደገና እምቢ ይላል፤ በመጀመሪያው የተቀበለ እንደሆነ ለካ ፈልጎት ነው ይባላል። በመጨረሻ እጅ ይወጣል። እጅ ሲወጣ ደግሞ ዱካሞ ፊት ለፊት ቁጭ ብሏል። እጁን የማያወጣ ማን ነው?

ቀበቶ የሚሸጠው ምሕረቱ፣ እሱም የደረጃ ሥር ሰው ነው፣ ድንገት ተነሥቶ ኤርጎጌን ጠቆመ። ኤርጎጌ እኔ አልችልም አለች፣ ከልቧ። እንደ ደንቡ እያደረገች መሰላቸውና ለመኗት። እንደገና እምቢ አለች፤ ይሄ ደግሞ ጭራሽ ጨዋ አስመሰላት። ሰው ሊሆን ያለውን አይቶ መሬት መሬት ሲያይ፣ ከብርድ ልብሱ በኩል «እህህም» ተባለ።

ክቡርነታቸው ዳራውን አዩ። ባርንዴልም ድሮ ሕዝብ ፊት ቆሞ ማንን እንደሚመርጥ ጮክ ብሎ ይናገር እንደነበር፣ ባለ መሬቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ጭሰኛው ስሙን ሲጠራለት እንደኖረ፣ ምስጢር የሚባል ነገር የመጣው በኋላ እንደሆነ። የሰማ ሁሉ ዞር ብሎ ዱካሞን አየ፣ ቶሎም ዓይኑን መለሰ። ዱካሞ ራሱ ነው ያበቃው። «በምስጢር ይሁን። እኔን ያልፈለገ ፊቴን ፈርቶ እንዲመርጠኝ አልፈልግም» አለ።

ቀኑ እሁድ ሆነ፤ ቅዳሴ ያስቀደሱት ምሳቸውን በልተው፣ ጴንጤዎቹም ስብከታቸው አልቆላቸው ሲመጡ። ቁልፍ ያለው ሱቅ ሁሉ፣ የደረጃ ሥሩም ጭምር፣ አንድ ድምፅ አለው። ክቡርነታቸው ከራሳቸው ዕቃ ነብር ያለበትን ትልቁን ብርድ ልብስ አውጥተው በገመድ ሰቀሉና የምርጫ ክፍል አደረጉት። ሳጥኑ የካልሲ ካርቶን ነው። ሕጉን አነበቡ፦ የምትመርጡትን ስም በፈለጋችሁት ፊደል ጻፉ፤ ሌላ ምልክት፣ ሌላ ቃል፣ የመራጩ ፊርማ የሚባል ነገር ከተጻፈበት ውድቅ ነው። አስመራጩ ገለልተኛ ስለሆነ እሳቸው አይመርጡም። ኮታቸውን ቆልፈው ከካርቶኑ አጠገብ ሲቆሙ ቁመት የጨመሩ መሰሉ።

ኤርጎጌ ተራዋ ደርሶ ከነብሩ ጀርባ ገባች። እስክሪብቶውን አነሣች። «ኤ» ብላ ልትጽፍ ስትል እጇ ቆመ። ራሴን እኔ? ስንት ሰው እያለ እኔ እሻላለሁ ብዬ? እናቷ ቤት እንኳ ሰው ሳይቀርብለት ለራሱ የሚቆርስ ልጅ በዓይን ነበር የሚገረፈው። ነብሩ ራሱ የሚያያት መሰላት። ዱካሞ ብላ ጻፈች፣ አጠፈች፣ ወጣች። ስትወጣ ቀለል አላት፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ግን ወደ ነብሩ ዞራ አየች።

ተቆጠረ። እኩል ወጣ።

መጀመሪያ ሰው አልገባውም። ከዚያ ሁሉም ወደ ክቡርነታቸው ዞረ። እንግዲህ አንድ ድምፅ ይስጡና ይገላግሉን ተባለ። ክቡርነታቸው ግንባራቸው ላብ አወጣ። ደረጃውን አዩ፤ ዱካሞን አዩ። ዱካሞ «ራጉ፣ የመሰለህን» አላቸው፣ ረጋ ብሎ። ድሮ ካናዳም አስመራጩ እንዲህ ሲሆን ይለይ እንደነበር፣ አሁን ግን ያ ቀርቶ ምርጫው እንደሚደገም ሲያስረዱ ድምፃቸው ከሬዲዮ ወደ ስልክ ወረደ። ይደገም አሉ፣ ለሚቀጥለው እሁድ።

ሰው ተነጫነጨ። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራ ኖሮ አንዲት ቀን ወስን ሲሉት ቃል አጠረው እንዴ ተባለ። ዳኝነቱም ተነሣባቸው። ካርቶኑ ለስንዱ ገንዘብ ተቀባይ ለፌቨን ይሰጥ፣ እሷ ቁልፍም ወገንም የላትም ተባለ። ክቡርነታቸው እንደማንኛውም ባለ ሱቅ ወርደው ሰልፍ ውስጥ ቀሩ። ያን ቀን ነብሩን ሲያጥፉ ማንም አላገዛቸውም።

በማግስቱ ኤርጎጌ ደረጃው ሥር ሆና፣ አንድ ነገር ልንገርዎት አይቆጡም ወይ አለቻቸው። አልቆጣም አሉ።

«እኔ ዱካሞን ነው የጻፍኩት።»

ክቡርነታቸው ብረቱን ለቀቁ።

«ማን አስገደደሽ?»

«ማንም። አፈርኩ። ራሴን በራሴ እንዴት ልምረጥ ጋሼ?»

ያኔ ነው የተቆጡት። ባርንዴል ውስጥ ተወዳዳሪ የሚባል ሁሉ፣ በረዶው እስከ ጉልበቱ እየደረሰ፣ ሚስቱን ይዞ፣ ካሜራ አስከትሎ ሄዶ ራሱን እንደሚመርጥ፣ ጥርሱን እያሳየ እንደሚወጣ ነገሯት። አያፍርም ወይ አለች። ምኑን ያፍራል፣ አሉ፤ ምረጡኝ ብሎ ሰው በብርድ አሰልፎ ራሱ ባይመርጥ ነው የሚያፍረው። እሷም ለምሕረቱ፣ ለሌሎቹም ደረጃ ሥር ላሉት ነው የቆመችው፤ የእነሱን ነገር ይዛ ገብታ ለሌላ ሰጥታ መውጣት ጨዋነት አይደለም። አንዲት ደንበኛ የተጣሉ መስሏት ካልሲውን አስቀምጣ ሄደች።

«ድምፅ እያለሽ» አሉ በመጨረሻ፣ ዝቅ ብለው። «ቢኖረኝ እኮ እኔ...» አልጨረሱትም። ብርድ ልብስ ሊያስተካክሉ ገቡ፤ መቆሚያ በሌለበት ሱቅ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆዩ።

እሁድ ደረሰ። ነብሩ ተሰቀለ። ኤርጎጌ ገብታ የራሷን ስም ጻፈች፤ የሰው ዕቃ እንደሚሰርቅ ሰው ልቧ እየመታ፣ አራቱንም ፊደል። ዱካሞም ገብቶ ወጣ፤ አብረውት የሚሠሩት ልጆች ከኋላው ትከሻውን ቸብ ቸብ ያደርጉታል፣ እሱ ግን ፊቱ አልበራም። በመጨረሻ ክቡርነታቸው ገቡ።

ገብተው ቀሩ። ከብርድ ልብሱ በታች ጫማቸው ይታያል፤ አይነቃነቅም። አንዱ ዳራውን እያዩ ነው አለና ሰው ሳቀ። ኤርጎጌ አልሳቀችም። እዛ ውስጥ ያለው ሰው አንድ ቃል ጽፎ ሲወጣ፣ ወይ የእሷ ደረጃ ይዘጋል፣ ወይ አብሮት ምሳ የሚበላውን ሰው ይከዳል። ሲወጡ ወረቀቷን ያጠፏት እንደ መድኃኒት ነው። ካርቶኑ ውስጥ ከተቱ፤ ከከተቱ በኋላም እጃቸውን ከላዩ ቶሎ አላነሡም።

ፌቨን እየዘረጋች ታነባለች። ኤርጎጌ። ዱካሞ። ዱካሞ። ኤርጎጌ። አንዲት ወረቀት እስክትቀር ድረስ እንደገና እኩል ሄደ። ኤርጎጌ ምኑም አልገባትም፤ እሷ ካለፈው ዞራለች፣ ታዲያ እንዴት እኩል ይሆናል? ፌቨን የመጨረሻዋን ዘረጋች።

«ኤርጎጌ» ብላ አነበበች። ደረጃ ሥር ያሉት ሊጮኹ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ፌቨን ዓይኗ ወደ ታች እየወረደ ማንበቧን ቀጠለች። «ራጉኤል ተሰማ። ፊርማ።»

ውጭ የታክሲ ረዳት ሲጣራ ብቻ ይሰማል።

ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ወረቀቱ ቀረቡ፣ የሰው እጅ ጽሑፍ እንደሚያዩ። ፊታቸው ቀልቶ ነበር። ወደ ዱካሞ አላዩም።

«እጄ ነው» አሉ። «በዚህ አገር ወረቀት ሰጥተውኝ ሳልፈርም የተመለስኩበት ቀን የለም። እጄ ነው የፈረመው።» ከዚያ ቀና አሉ፤ ድምፃቸውም ለአንድ አፍታ ወደ ሬዲዮው ተመለሰ። «ሕጉን ያነበብኩት እኔ ነኝ። የመራጩ ፊርማ ያለበት ወረቀት ውድቅ ነው። ፌቨን፣ አትቁጠሪው።»

ፌቨን ወረቀቱን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋባት። ኤርጎጌ ስለ ደረጃው ማሰብ ነበረባት፤ ያየችው ግን የሰውዬውን አንገት ነው፣ ኮሌታው ውስጥ ሲሰምጥ።

ዱካሞ ተነሣ። ትልቅ ሰው ስለሆነ ሲነሣ ወንበሩ ይሰማል። መጥቶ ወረቀቱን ከፌቨን እጅ ወሰደና ሁሉንም ከላይ እስከ ታች አነበበ፣ ቀስ ብሎ።

«ያለፈው እሁድ» አለ፣ «እኔ የጻፍኩት እሷን ነው። ራሴን መጻፍ አፈርኩ። ይሄን ለልጆቹ ብነግራቸው ሳምንቱን ሙሉ ሲሰድቡኝ ከረሙ፤ ዛሬ ራሴን ጻፍኩ።»

«እኔም እኮ ያለፈው አንተን ነው የጻፍኩት» አለች ኤርጎጌ፣ ሳታስበው።

ሁለቱ ተያዩ። ሳቁ ከየት እንደጀመረ አይታወቅም፤ ምሕረቱ ቀበቶው ላይ ተደፋ፣ ስንዱ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ዱካሞም ሳቀ። ሲስቅ ቆይቶ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ያዘና ከኤርጎጌ ስም በታች ያለውን፣ የክቡርነታቸውን ስምና ፊርማ፣ ቀስ አድርጎ ቀደደው፤ ቁራጩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። የቀረውን ለፌቨን መለሰላት።

«አሁን አንብቢ።»

ክቡርነታቸው ተቃወሙ። ተወዳዳሪ በእጁ የነካው ድምፅ ካናዳ ውስጥ ተሰምቶ እንደማያውቅ፣ ይሄ ባርንዴል ቢሆን ፍርድ ቤት እንደሚያስቀርብ፣ ለአንድ ሰው ተብሎ ሕግ እንደማይቀደድ ተናገሩ።

«ራጉ» አላቸው ዱካሞ። «የሰው ድምፅ ስትቆጥር አርጅተሃል። ያንተ አንዲት ብትመጣ እኔ ነኝ የማስጥላት? ጭነቴን ግን አምስተኛ ፎቅ የምታወጡልኝ እናንተ ናችሁ፣ አየሩ ጥሩ ነው ብያችኋለሁ።»

ፌቨን «ኤርጎጌ» አለች፣ ከዚያ በላይ ምንም ሳትጨምር። ሰው አጨበጨበ። ደረጃ ሥር ያሉት ኤርጎጌን አቅፈው ወዘወዟት፤ ዱካሞ ራሱ መጥቶ ትከሻዋን በትከሻው መታት። እሷ በሰው መሐል ክቡርነታቸውን ፈለገች። ብርድ ልብሱን ሊያወርዱ ሄደው ገመዱን ይዘው ቆመዋል፣ አይፈቱትም።

አጠገባቸው ስትደርስ አልዞሩም። እንደ ማፈር ብለው፣ ማንም እንዳይሰማ አድርገው ጠየቋት።

«ተቆጠረ?»

«ተቆጠረ እንጂ ጋሼ» አለች ኤርጎጌ፣ የገመዱን ሌላ ጫፍ እየያዘችላቸው። «ይኸው እኔ ቆሜ የለ?»